ቀዳዳው የት አለ?

መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ዓርብ ማታ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ የሐርጌሳው ዋሄን ገበያ ተቃጠለ። ዋሄን የሶማሌላንድ ትልቁ ገበያ ነው፤ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ወርቁ፣ ስልኩ፣ በመንገድ ዳር በክምር የሚመነዘረው ሽልንግ ሁሉ እዚያ ነው። ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ፣ በመተላለፊያው ላይ ደግሞ ሌላ መደብ ተዘርግቶበት ስለነበር የእሳት አደጋ መኪና እንደ ልብ መግባት አልቻለም። እሳቱ ሌሊቱን ነደደ። የስንት ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት ሲነጋ አመድ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ መዓት ሲወርድ፣ ገና «ስንት ወደመ?» ሳይባል «ከየት ተነሣ?» ይባላል። ምድጃ ይፈለጋል፣ ሽቦ ይፈለጋል፣ ሰው ይፈለጋል። የተነሣበት ቦታ እስካልታወቀ ድረስ እሳቱ የጠፋ አይመስለንም።

ይኸው ጥያቄ በሰው ሆድ ውስጥ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ነው ላወጋ የተነሣሁት።

እንበል፣ ከድሬዳዋ ሄዳ በገበያው ጠርዝ ሻይ የምታፈላ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት አለች። ስም አልሰጣትም፤ እሷን የመሰለች በየከተማው አለች። ትናንት ማታ ብርጭቆዋን አጣጥባ፣ ከሰሏን አጥፍታ ደህና ገብታለች። ንጋት ላይ ሆዷን ይዛ ነቃች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች «መጋኛ ነው» ብለው ዝንጅብል አፈሉላት፤ ጤነኛ ሰው ድንገት ሲወድቅ ሌላ ምን ይባላል? እስከ ቀትር ትኩሳቷ ጨመረ፣ ያጠጧትንም አስመለሰች። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር አለመንቀሳቀሷን ነው። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ይገላበጣል፣ ተነሥቶ ይራመዳል፣ ተመልሶ ይተኛል። እሷ ግን ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሆዷ እንዳይነሣ ትንፋሿን በደረቷ ብቻ እያሳጠረች ትስባለች። ሐኪሙ ገና ሳይነካት አልጋውን በጉልበቱ ገፋ ሲያደርገው ፊቷ ተጨማደደ። እጁን ሲያሳርፍ ሆዷ ደርቋል፣ ጣት አይገባውም። ቀስ ብሎ ተጭኖ ድንገት ሲለቅ፣ ሲጫን ዝም ያለችው ሴት ሲለቅ ጮኸች። ለዚህ ምርመራ መብራትም ማሽንም አያስፈልግም፤ ጥሩ እጅና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። የሆድ ዕቃ ሽፋን ተቆጥቷል። ሐኪሞች ፔሪቶናይቲስ ይሉታል።

ሽፋኑ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው። ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከቆዳችን ስፋት ብዙም አይርቅም። ውፍረቱ ግን ከላይ የአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። የሆድን ግድግዳ ከውስጥ ያለብሳል፣ ዞሮ ደግሞ አንጀቱን፣ ጨጓራውን፣ ጉበቱን ያለብሳል፤ በሁለቱ መሐል አንጀት ሳይፋተግ እንዲንሸራተት የምታደርግ ጥቂት ፈሳሽ አለች። ፈሳሿ አንድ ቦታ አትተኛም፤ በተነፈስን ቁጥር ወደ ላይ፣ ወደ ድያፍራም ትሳባለች። ጀርመናዊው ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1863 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፈሳሿ የምትወጣባቸውን ጥቃቅን ክፍተቶች ድያፍራም ላይ አሳየ። ሆድ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ በደቂቃዎች ውስጥ በእነዚህ ተጠርጎ ወደ ሊምፍ፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ሆድን የሚያጸዳው መንገድ ራሱ ሕመሙን ለመላ አካል ያደርሳል። የሻይ ሻጯ እጅ የቀዘቀዘው፣ የደም ግፊቷም የወረደው በዚህ ነው።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሕመሙ ነገር ነው። አንጀት በስለት ቢቆረጥ አያምም። የሚያመው ሲወጠርና ደም ሲያጥረው ነው፤ ያን ጊዜም ሕመሙ የት እንደሆነ በውል አይለይም። ትርፍ አንጀቱ የታመመ ሰው መጀመሪያ እምብርቱን ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሰዓታት አልፈው ቁጣው የሆድን ግድግዳ ያለበሰውን ሽፋን ሲነካ ግን ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች ይወርድና በአንድ ጣት የሚጠቆም ይሆናል። እኛ ቂሙንም፣ ሐዘኑንም፣ ምስጢሩንም ሆድ ይፍጀው ብለን እዚያው እንተወዋለን፤ ሆድም ይህን ሁሉ ሲሸከም አድራሻ አያውቅም። አድራሻ የሚሰጠው ግድግዳው ነው።

ቀዶ ሐኪም ሆድ ሲከፍት ቀድሞ የሚያገኘው ሞራውን ነው። በግ ያረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጨጓራው ሥር ወርዶ አንጀቱን የሚሸፍነው፣ ደም ሥር የተዘረጋበት ስብ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ሞራ ይነበባል። ሞራ ገላጩ የታረደውን ከብት ሞራ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ከደም ሥሮቹ አካሄድ ዝናቡን፣ ጦሩን፣ ለቤቱ የሚመጣውን ይናገራል። በዚህ ንባብ አላምንም። ሆኖም ቀዶ ሐኪምም ሞራ አንባቢ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ራዘርፎርድ ሞሪሰን በ1906 ሞራን የሆድ ፖሊስ ብሎ ሰየመው፤ ሁከት ባለበት ሁሉ ስለሚገኝ ነው። ሞራ በራሱ አይራመድም፤ አንጀቱ ሲንቀሳቀስ ወዲያ ወዲህ ይወሰዳል፣ የተቆጣ ቦታ ሲያገኝ ይጣበቃል፣ ዙሪያውን ያጥራል። ወደ ቀኝ ታች ተሰብስቦ ከተገኘ ነገሩ ትርፍ አንጀት ነው፤ ከጨጓራው መውጫ ላይ ተለጥፎ ከተገኘ ደግሞ ቁስል በስቶታል። ሞራ ገላጩ የሚመጣውን ሲያነብ ሐኪሙ ያለፈውን ያነባል። ሁለቱም ግን ከስቡ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ምክንያት።

ይህ አጥር አንድ ንጉሥ አትርፏል። የእንግሊዙ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሊጭን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጁን 24 ቀን 1902፣ ቀዶ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ትሪቭስ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሆዱን ከፍቶ በትርፍ አንጀቱ ዙሪያ የታጠረውን መግል አፈሰሰ። ትርፍ አንጀቱን ግን አላወጣውም። ትሪቭስ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ልጁን በዚሁ ሕመም ቀብሯል፤ ቢላውን ሲያነሣ እጁ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። በዓሉ ወደ ኦገስት 9 ተላለፈ። ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ለዚያ በዓል እንግሊዝ አገር የሄዱት የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ነበሩ፤ በጁን 1897 ሐረር ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር ደብዳቤ ተለዋውጠው የሶማሌላንድን ወሰን የተስማሙት ራሳቸው ናቸው። ሐርጌሳ ከመስመሩ ወዲያ ቀረች። ግመሉን ይዞ በመስመሩ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ሶማሌ ያማከረ አልነበረም። ከነገሬ ወጣሁ፤ ግን ሻይ ሻጯ በቶጎ ውጫሌ በኩል ስታልፍ የምትሻገረው ይህንኑ መስመር ነው።

የንጉሡ ሆድ ለጥያቄው መልስ ነበረው። የእሷን እንይ።

ቢላው በሆዷ መሐል ይወርዳል። መግል ይወጣል፤ ብዙ ነው፣ ቀጠን ያለ ነው፣ አይሸትም። ቀዶ ጥገና ክፍል የሠራ ሰው ይህን ቶሎ ይለያል። አንጀት የተበሳ እንደሆነ ሽታው በጭምብል አልፎ ክፍሉን ይሞላል፤ አሁን ግን ምንም የለም፣ ነርሷም ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው። ሞራው አንድ ቦታ አልተሰበሰበም፤ ዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ትርፍ አንጀቱ ተነሥቶ ታየ፤ ላዩ እንደ ጎረቤቶቹ ቀልቷል እንጂ አላበጠም፣ አልተበሳም። ጨጓራው ተገላብጦ ታየ። ማህፀኗና ቱቦዎቿ ታዩ፤ የተቋጠረ መግል የለም። ከዚያ ሐኪሙ ትንሹን አንጀት ከራሱ እስከ ጫፉ፣ ብዙ ሜትሩን፣ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው በጣቶቹ መሐል እያሳለፈ ፈተሸው። ታይፎይድ የበሳው ቦታ ቢኖር እዚህ ይገኝ ነበር። የለም። ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ራሱ እንደገና ቆጠረ። አሁንም የለም። ሆዷን በሊትር በሊትር ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠቡት። ላቦራቶሪ የሄደው ጠብታ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰንሰለት የተደረደሩ ድቡልቡል ባክቴሪያዎች ሞልተውበታል፤ ስትሬፕቶኮከስ ናቸው። በኋላ ተለይቶ ሲታወቅ ልጆችን ቶንሲል የሚያስይዘው ያው የተለመደው ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለውን ሐኪሞች ቀዳሚ ፔሪቶናይቲስ ይሉታል፤ ከሌላ አካል መበሳት ያልመጣ፣ ሽፋኑ ራሱ የታመመበት። ጉበታቸው ጠጥሮ ሆዳቸው ውኃ በቋጠረ ሰዎች ላይ የታወቀ ነው። በአገራችን ሐኪም ደግሞ ሳይረሳ የሚያስበው የሆድ ቲቢ አለ፤ እሱ ግን በሳምንታትና በወራት የሚያሳብጥ፣ የሚያከሳ ነው እንጂ በአንድ ሌሊት አይጥልም። ጉበቷም፣ ኩላሊቷም፣ ሳንባዋም ደህና በሆነ ወጣት ላይ ሲደርስ ነገሩ ብርቅ ነው። አለ ግን። መግለጫውም ሁልጊዜ በአንድ ሐረግ ይጀምራል፤ «ከዚህ በፊት ጤነኛ የነበረች»።

ይህ ሐረግ ያስቸግረኛል። ስለ ሴትዮዋ የሚናገር ይመስላል፤ በእውነት የሚናገረው ግን ስለ ጠያቂው ነው። የጠየቅናት ጥያቄ ሁሉ «የለም» የሚል መልስ አገኘ ማለት ነው። ስኳር፣ የለም። ግፊት፣ የለም። ኤች አይ ቪ፣ የለም። ዝርዝሩ ሲያልቅ ጤና ይቀራል። ጤና ተገኝቶ አያውቅም፤ ሌላው ሁሉ ሲታጣ ለተረፈው ቦታ የምንሰጠው ስም ነው። በዚያ ላይ ቶንሲል የሚያስይዘው ስትሬፕቶኮከስ በብዙ ጤነኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ትናንት ማታ ከሰሏን ስታጠፋ ባክቴሪያው አብሯት ነበር ብንል አንሳሳትም ይሆናል፤ ያን ጊዜም ጤነኛ ነበረች። ከትናንት ማታ እስከ ዛሬ ንጋት የተለወጠው ምንድን ነው? ከጉሮሮ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሽፋኑ ገብቶ ይሆናል። ከቆዳ ጭረት ይሆናል። ሌላም አንድ መንገድ አለ፣ ነገሩ የሚከረውም እዚያ ላይ ነው።

የወንድ የሆድ ሽፋን ዙሪያውን የተዘጋ ከረጢት ነው። የሴት ግን አይደለም፤ የማህፀን ቱቦዎች ጫፋቸው ወደ ሆድ ዕቃ የተከፈተ ስለሆነ ከውጭው ዓለም እስከዚያ ድረስ የጠበበ መንገድ አለ። ስትሬፕቶኮከስ የሚያስከትለው ይህ ሕመም በሴቶች ላይ በርከት ብሎ መታየቱን ሐኪሞች በዚህ መንገድ ያስረዱታል። ማስረዳቱ ልክ ይሁን። መዘዙን ግን ልብ በሉ። ላላገባች ልጅ ሆድ ውስጥ መግል ተገኘ ሲባል፣ ሐኪሙ በሙያው ግዴታ የአባላዘር በሽታን ያስባል፤ ሊያስብም ይገባል። ጥያቄው መጋረጃውን አልፎ ኮሪደር ላይ ለተቀመጡት ዘመዶች ሲደርስ ግን ሌላ ይሆናል። «ምን ነካት?» የነበረው «ምን አድርጋ ነው?» ይሆናል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ምን በላህ፣ ምን ቃምክ ተብሎ ይታለፍ ነበር። የእሷ ቀዳዳ ሲታጣ ምግባሯ ቀዳዳ ይሆናል። ሐርጌሳም፣ ጅግጅጋም፣ ጎንደርም በዚህ አይለያዩም፤ ሴት ልጅን ጠቅልሎ፣ እኩሌታውም ዘንድ በምላጭ ቆርጦና ሰፍቶ መዝጋት ጥበቃ ነው ተብሎ በኖረበት አካባቢ ሁሉ መከፈት ራሱ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። ባክቴሪያው ያገባችውንና ያላገባችውን እንደማይለይ ለኮሪደሩ ማን ይንገረው?

ቀዳዳ ፍለጋ ግን አንድ ጊዜ ፈላጊውን ይዞታል። ቪየና፣ 1847። ያኮብ ኮሌችካ የአስከሬን ምርመራ ፕሮፌሰር ነበር፣ ጤነኛ ጎልማሳ። አስከሬን ሲከፍት የተማሪው ቢላ ጣቱን ወጋው። በቀናት ውስጥ ሞተ። እሱም በተራው ሲከፈት የሆዱ ሽፋን መግል ይዞ ተገኘ፤ የሳንባውና የአንጎሉ ሽፋንም እንዲሁ። አንጀቱ ላይ ምንም ቀዳዳ አልነበረም። ቀዳዳው ጣቱ ላይ ነበር። ወዳጁ ኢግናዝ ዘመልቫይስ ይህን የምርመራ ውጤት ሲያነብ ያየው የኮሌችካን ሆድ ብቻ አልነበረም፤ በሚሠራበት ማዋለጃ ክፍል በአራስነታቸው የሚሞቱት ሴቶች ሆድ ነው። ሁሉም ያው ነበር። ለእነሱ ሞት ሲሰጥ የኖረው ምክንያት ብዙ ነው፤ የአየሩ መበከል፣ የወተታቸው መታፈን፣ ፍርሃታቸው፣ ወንድ ተማሪ ሲመረምራቸው ማፈራቸው ሳይቀር። ከአስከሬን ክፍል ተነሥተው ወደ ምጥ አልጋ የሚሄዱት የሐኪሞቹ እጆች ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። በዚያ ክፍል በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ገደማ ሞተዋል። በሜይ አጋማሽ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ተደረገ፤ በጁን የሞቱት ከ100 ሁለት ገደማ ሆኑ። አጠገቡ ያለው፣ አዋላጆች የሚሠሩበት ክፍል ቀድሞውንም ሞቱ ያነሰ ነበር። አዋላጆች አስከሬን አይከፍቱም።

ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተር በ1879 በሰንሰለት የተደረደሩትን ድቡልቡሎች ከአራሶች ደም አውጥቶ እስኪያሳይ ድረስ የገዳዩ መልክ በውል አልታወቀም ነበር። ዘመልቫይስ ግን ስሙን ሳያውቅ መንገዱን ዘጋበት። ባልደረቦቹ ይህን ግኝት በደስታ አልተቀበሉትም። የሰው ልጅ ምክንያት ፈላጊ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ እንደማየው የሚፈልገው ከእሱ ራቅ ብሎ የሚገኝ ምክንያት ነው።

ከዋሄን ብዙም ሳይርቅ፣ ቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ፣ ኤድና አዳን ኢስማኢል በ2002 ያስከፈቱት ሆስፒታል አለ። ኤድና የሐኪም ልጅ ናቸው፤ ለንደን ተምረው የአገራቸው የመጀመሪያዋ የሠለጠኑ ነርስ አዋላጅ ሆኑ፤ የሴት ልጅ ግርዛትን በአደባባይ ማውገዝ የጀመሩት ገና በ1970ዎቹ ነው። ሐርጌሳ በ1988 በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን ፈርሳ ነበርና፣ ሕንፃው ሲነሣ ከተማው ገና ከፍርስራሹ እየወጣ ነው። እዚያ አዋላጆች ይሠለጥናሉ። አዋላጅ ስለ ምክንያት ብዙ አትጨነቅም፤ እጇን ትታጠባለች፣ ክሩን ትቀቅላለች፣ ምጥ የበዛባትን ቶሎ ትልካለች። ማን እንዳስረገዛት አትጠይቅም። ፍልስፍና ነው ብላ ባትጠራውም እኔ ከዚህ የተሻለ ፍልስፍና ለዚህ ጉዳይ አላገኘሁም።

ቶንሲል የሚያስይዘው ስትሬፕቶኮከስ ራሱ እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን ይገዛል፤ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየተላመዱ በሸሹበት ዘመን ይኸኛው በሕክምና የሚታይ መቋቋም አላሳየም። ሐኪሞች መርዙን እንዳያመርት ክሊንዳማይሲን ይጨምሩበታል። ሁለቱም ውድ ወይም ብርቅ መድኃኒት አይደሉም። የሚያጥረው ሰዓቱ ነው። ዝንጅብል እየተፈላ የሚያልፈው ጊዜ፣ «ትንሽ እንያት» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ። በዲሴምበር 2022 የዓለም ጤና ድርጅት ይኸው ባክቴሪያ በአውሮፓ አገሮች ወደ ደምና ወደ ውስጥ አካል እየገባ የሚጥላቸው ሰዎች መብዛታቸውን ሲያስታውቅ፣ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቁት ልጆች ነበሩ፤ ሆስፒታሎቻቸውም ቅርብ ነበሩ፣ ሆኖም የሞቱ አሉ።

ሻይ ሻጯ ቶሎ ደርሳለች እንበልና ተርፋለች። ሲሻላት ሐኪሙ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሆነውን ሊነግራት ይገባዋል፤ የሚለው ግን ከባድ ነው። «ሆድሽ ውስጥ መግል ነበር፣ አጥበነዋል፣ ከየት እንደመጣ አላገኘንም።» እውነቱ ይኸው ነው። ድሬዳዋ ላለች እናቷ በስልክ የሚነገር እውነት ግን አይደለም። እናቷ «እና ምኑ ነው?» ትላለች፤ ምንም አይደለም ሲሏት ደግሞ የሆነ ነገር እንደተደበቀባት ትጠረጥራለች።

እዚህ ላይ የቀዶ ሐኪሞች አንድ አሮጌ ልማድ ይጠቅማታል። ሆድ ተከፍቶ ሌላ ምክንያት ሲታጣ፣ ብዙዎቹ ትርፍ አንጀቱን ቆርጠው ያወጡታል፤ ወደፊት ጠባሳዋን የሚያይ ሐኪም ግራ እንዳይጋባ ነው። ንጉሡ ጥፋተኛውን ትርፍ አንጀት ይዞ ሲነግሥ፣ የእሷ ንፁሑ ተቆርጦ በዕቃ ተደርጎ ለዘመድ ይታያል። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ጎንበስ ብለው ያዩታል። ጣት የምታህል ነገር ናት። «ትርፍ አንጀት ነው አሉ» ተብሎ ለድሬዳዋ ይደወላል፣ እናትም «ተመስገን፣ እኔስ ሌላ መስሎኝ» ትላለች፤ ሐኪሙም ከመጋረጃው ወዲያ ሰምቶ አያርማቸውም።